የሚስስ ፕሩት ድንጋይ

«ሚስስ ፕሩትን በምን እንግደላቸው?» አለች ጆሊን፣ የዳቦ ቢላዋውን ነጩ ፎም ላይ እንደሰካች።

ዊላ ከሲሚንቶው ወለል ላይ ቀና አለች። የእነዊላ ቤት መኪና ማቆሚያ ጋራዥ ሙቀቱ አናት ይበሳል። ሐምሌ ገና አላለቀም፣ ለሃሎዊን ሦስት ወር ይቀረዋል፤ እነሱ ግን በሩን ዘግተው ላባቸውን እየጠረጉ መቃብር ይሠራሉ።

«አምና በምን ነበር የሞቱት?»

«በኬክ ታንቀው።»

«ካቻምናስ?»

«ድመታቸውን ሊያወርዱ ጣራ ላይ ወጥተው። ድመቷ ተረፈች።»

«እንግዲያው ዘንድሮ ትንሽ ክብር ያለው አሟሟት ይገባቸዋል» አለች ዊላ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ላርች መንገድ ላይ አሥራ ዘጠኝ ቤቶች አሉ። በየዓመቱ ሃሎዊን፣ ሰው በሙታንና በመናፍስት የሚቀልድበት የጥቅምት በዓል፣ ሲቃረብ በእያንዳንዱ ቤት ደጅ፣ በባለቤቱ ስም የተሠራ የውሸት የመቃብር ድንጋይ ይተከላል። ድንጋዩ ዕቃ የሚታሸግበት ቀላል ነጭ ፎም ነው፤ የተጻፈበት ደግሞ ባለቤቱ እንዴት «እንደሞተ» የሚናገር የሁለት መስመር ግጥም። ማን ምን እንደተባለ ለማንበብ ከሌላ ሰፈር ሳይቀር ሰው በመኪና ይመጣል። የሚሠሩት በዚያ ዓመት አሥራ አራት የሞላቸው የመንገዱ ልጆች ናቸው። ዘንድሮ ዊላና ጆሊን ብቻ ሆነው ተገኙ። በሰው መቀለድ ይቻላል፣ ሰው መርሳት ግን አይቻልም። ሚስተር ዳንክሊ ወደ ሰፈሩ በገቡበት ዓመት የዚያን ጊዜዎቹ ልጆች ዘለሏቸው። ሰውየው በማግስቱ በር ለበር እየዞሩ «ምን አጠፋሁ?» ብለው ጠየቁ ይባላል።

የእሳቸው የዘንድሮው አልቆ ግድግዳውን ተደግፏል። ሚስተር ዳንክሊ በሳምንት ሦስት ጊዜ ሣር የሚያጭዱ ሰው ናቸው፤ ጆሊንም እንዲህ ብላ ጻፈችላቸው፦

ዳንክሊ ሣር ሲያጭድ፣ ኖሮ ኖሮ ኖሮ፣
ሣሩ ከላይ ሆነ፣ እሱ ታች ዘንድሮ።

ሥራው ሐምሌ ላይ የሚጀመረው ያለ ምክንያት አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ድንጋይ መቁረጥ አለ። ፊደሉን በጋለ ሽቦ ፎሙ ውስጥ መቅረጽ አለ። ከዚያ ኮላና አሸዋ የተቀላቀለበት የግድግዳ ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀባል፣ በየመሐሉ እንዲደርቅ ይተዋል። በመጨረሻ ጥቁር ስፕሬይ ከራቅ ብሎ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ይነፋበትና ፀሐይና ዝናብ እንዲፈራረቁበት ከቤቱ ጀርባ ለሳምንታት ይቆያል። ያኔ መቶ ዓመት የኖረ ይመስላል። ስፕሬዩ ላይ ግን ቀልድ የለም። ቀለም ያልሸፈነው ፎም ካገኘ ሙቅ ሻይ ውስጥ እንደገባ ስኳር ነው የሚያሟሟው።

ለመቁረጡ የዊላ እጅ ይሻላል፣ ለግጥሙ ጆሊን። ጆሊንን ቤት ውስጥ ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቿ «አውሎ ነፋስ» ይሏታል፤ የነካችው ይሰበራል፣ የያዘችው ይፈሳል ብለው። ስለዚህ «የሚስስ ፕሩትን ከቆረጣው እስከ ቀለሙ ብቻዬን ልሥራው» ስትል ዊላ አመነታች።

«ምነው? እጄ አያምርም?»

«እኔ ምን አልኩ?»

«ፊትሽ ተናግሯል እኮ። አቦ አታካብጂ፣ ፎም ነው።»

አምስት ቀን ፈጀባት። ምላሷን ከንፈሯ ላይ አውጥታ፣ ትንፋሿን ይዛ እያንዳንዱን ፊደል ቀረጸች። ሲያልቅ ዊላ ዞር ብላ አየችው፤ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነበር። ሚስስ ፕሩት ሠላሳ አንድ ዓመት ቢጫውን የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዱ ሴት ናቸው። ጡረታ እስከወጡበት ቀን ድረስ ላረፈደ ልጅ አንድ ደቂቃ ቆመው አያውቁም። ዊላም ጆሊንም የምሳ ዕቃቸውን እያንኳኩ ከኋላቸው ሮጠዋል።

ማንንም አትጠብቅም፣ ፕሩት ናት ሹፌሯ፤
ሞት ባንድ ደቂቃ፣ ቀድሟት ቆመ በሯ።

«እንዴት ነው?» አለች ጆሊን።

«አሪፍ ነው። የምሬን ነው።»

«ወንድሞቼን ጠርቼ በግድ አሳያቸዋለሁ። ተንበርክከው ነው የሚያነቡት!»

ነሐሴ ሲገባ አንድ ከሰዓት ዊላ ሆስፒታሉ ደጅ መኪና ውስጥ ተቀምጣ እናቷን ትጠብቅ ነበር። እናቷ የካንሰር ሕክምና ክፍል ነርስ ናት፤ ተረኛነቷ ያለቀው ገና አሁን ነው። የክፍሉ በር ሲከፈት ዊላ ስልኳን ዘጋች። የወጡት ግን ሚስስ ፕሩት ነበሩ። አረማመዳቸው የእሳቸው አይመስልም። አሮጌ መኪናቸው ውስጥ ገቡ፤ ሞተሩን ግን አላስነሱም። ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ፊት ለፊት ግድግዳውን ያያሉ። ትንሽ ቆይቶ የዊላ እናት ወጣች፣ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብላ እጃቸውን ያዘች፣ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችም። ቀና ስትል ሚስስ ፕሩት ዊላን አዩ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ዊላ እጇን ልታወዛውዝ አነሳችና መሐል ላይ ተወችው።

እናቷ መኪናው ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች።

«ያየሽውን አላየሽም» አለች።

«እማዬ፣ ሚስስ ፕሩት…»

«ዊላ። ለማንም። ለጆሊንም ቢሆን። ሥራዬ ነው። ደግሞ የሳቸው ነገር የሳቸው ነው።»

«ይድናሉ?»

እናቷ ሬዲዮውን ከፈተች። ቤት እስኪደርሱ ስለ አየር ሁኔታ የሚያወራ ሰው አዳመጡ።

በማግስቱ ጠዋት ዊላ ጋራዡ ውስጥ ብቻዋን ገባች። ጆሊን ትናንት ማታ የሚስስ ፕሩትን ድንጋይ ጠርዝ በጥቁር ስፕሬይ ነፍታ፣ ግድግዳው ሥር አቁማው ሄዳለች። ዊላ አነበበችው። ከዚያ ላለማንበብ ፊቷን አዞረች፤ አልሆነም፣ ተመልሳ አነበበችው። ቀድሟት ቆመ በሯ። ሚስስ ፕሩት በየቀኑ ጠዋት ጋዜጣቸውን ሊያነሱ ሲወጡ ይህ ነገር ደጃቸው ላይ ተተክሎ ታያት። ሰው በመኪና መጥቶ፣ መስኮት አውርዶ፣ እያነበበ ሲስቅ ታያት።

ድንጋዩን ገለበጠችው። ጀርባው አንድ ጊዜ ብቻ ስለተቀባ እዚህም እዚያም ነጩ ፎም ይታያል። ስፕሬዩን አንስታ አስጠግታ ነፋችበት፣ እጇ እስኪደክም። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ ፎሙ እንደ መንሾካሾክ ያለ ድምፅ እያሰማ ወደ ውስጥ ይሰምጥ ጀመር። ሽታው ጉሮሮዋን ያዛት። ስትገለብጠው ፊደሎቹ ተጨማድደው፣ መሐሉ ላይ የጡጫ ያህል ጉድጓድ ተከፍቶ ነበር።

ሰበብ ላስብ ስትል የጋራዡ በር ተከፈተ።

ጆሊን ሁለት አይስክሬም ይዛ በሩ ላይ ቆመች። አይስክሬሙ ጣቶቿ ላይ መፍሰስ ጀመረ።

«ምን ሆነ?»

ዊላ ድንጋዩን ግድግዳው ላይ መልሳ አስደገፈችው።

«ጀርባውን ሁለተኛ አልቀባሁትም» አለች ጆሊን ለራሷ እንደምታወራ። «ማን ያየዋል ብዬ። ስፕሬዩ በጠርዙ ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲበላው አድሯል ማለት ነው። አይደል? ዊላ?»

እዚህ ላይ ነበር መናገር የነበረባት። ዊላ ቆይታ ስታስበው እንኳ ያቺን ቅጽበት ነጥላ ታያታለች።

«ሊሆን ይችላል» አለች።

ጆሊን ሁለት ቀን አልመጣችም። በሦስተኛው ቀን ስትመጣ እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ ነበር።

«አንቺ ቁረጪ፣ አንቺ ቀቢ። እኔ ግጥሙን እላለሁ፣ ወለሉን እጠርጋለሁ። ሌላ ምንም አልነካም።»

«ተይ ባክሽ ጆሊን።»

«ይልቅ ስሚ፣ ራት ላይ ለወንድሞቼ ነገርኳቸው። ሩዲ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ሞት ራሱ ካንቺ እጅ አይተርፍም› አለኝ። እናቴ ሳትቀር ሳቀች።»

ዊላም ልትስቅ ሞከረች።

ትምህርት ተከፈተ። አሥራ ስምንቱ ድንጋዮች ከዊላ ቤት ጀርባ ቆመው ዝናብ ይመታቸዋል። ጆሊን «የሚስስ ፕሩትን መቼ ነው የምንደግመው?» ባለች ቁጥር ዊላ መልስ አታጣም፤ ፎም አልቋል፣ የሒሳብ ፈተና አለብኝ፣ ከሁሉም በኋላ ተረጋግተን እንሠራዋለን። እያንዳንዱ ሰበብ ከፊተኛው ይልቅ ይቀላት ነበር፤ የሚያስፈራትም ይኸው ነው። አንድ ቀን አብረው ዕቃ ሲያጥቡ እናቷን ጠየቀቻት።

«እማዬ፣ አንድ ሰው በጣም ቢታመም… ድንጋዩ ይሻላል ወይስ ባይኖር ይሻላል?»

እናቷ ሳህኑን ይዛ ቆመች። «ማልቀስ ከፈለግሽ እዚሁ አልቅሺ። እሱን ግን ከኔ ጋር አታውሪው። አልችልም የኔ ልጅ። እውነቴን ነው፣ አልችልም።»

ዊላ አላለቀሰችም። ሳህኑን ተቀብላ አደረቀችው።

መስከረም አጋማሽ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሚስስ ፕሩት በዊላ ቤት ጎን ባለው ጠባብ መንገድ ወደ ጓሮ መጡ። በሁለት እጃቸው ባዶ የወተት ፕላስቲኮች አንጠልጥለዋል፤ ልጆቹ የራስ ቅል ቆርጠው ውስጡ መብራት እንዲያደርጉበት በየዓመቱ ያጠራቅሙላቸዋል። ለብርድ ነው እንዳይባል ፀሐይ ነው፤ እሳቸው ግን የሱፍ ኮፍያ አድርገዋል።

«አላነብም፣ አላነብም!» አሉ ገና ከሩቅ። «ዓይኔ ያለ መነጽር ምንም አያይም። መቁጠር ብቻ ነው የምችለው።»

ጆሊን ሮጣ ፕላስቲኮቹን ተቀበለቻቸው። ዊላ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ሚስስ ፕሩት በድንጋዮቹ መካከል በቀስታ እየተራመዱ፣ አውቶቡስ ውስጥ ልጆች ሲቆጥሩ እንደሚያደርጉት በጣታቸው እየጠቆሙ ሄዱ።

«አሥራ ስምንት» አሉ። መልሰው ቆጠሩ። «አሥራ ስምንት ነው። ማን ቀረ?»

ከሚስተር ዳንክሊ ግቢ የሣር ማጨጃው ድምፅ ይሰማል።

«የርስዎ ነው» አለች ጆሊን ፊቷ ቀልቶ። «ተሠርቶ ነበር። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ስፕሬዩ አቀለጠው። ይቅርታ ሚስስ ፕሩት፤ እደግመዋለሁ፣ ዊላ ታግዘኛለች።»

ሚስስ ፕሩት ግን ጆሊንን አይመለከቱም ነበር። የሚመለከቱት ዊላን ነው፤ ዊላ ደግሞ ጫማዋን።

«ምን ብላችሁልኝ ነበር?»

«እስኪተከል ድረስ አይነገርም እኮ!» አለች ጆሊን። «ደንብ ነው።»

«እኔ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ንገሪኝ።»

ጆሊን ነገረቻቸው። ድምጿ መጨረሻው ላይ ትንሽ ከፍ አለ፤ ግጥሟን ትወደዋለች። ዊላ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጥ ሚስስ ፕሩት የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ አይታወቅም።

«ባንድ ደቂቃ» አሉ። «ጥሩ ነው። ልጅቷ ግጥም ትችላለች።»

«አዘኑ እንዴ?» አለች ጆሊን ደንግጣ።

«ፀሐዩ ነው። ደክሞኝ ነው።» ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። «እኔ ደጅ ድንጋይ ባይኖር መንገዱ በሙሉ መጥቶ ‹ምነው?› ይለኛል። ለአሥራ ስምንት ሰው ማስረዳት አልፈልግም። ሥሩልኝ። በዚህ ሳምንት ከሆነ ደስ ይለኛል።»

«ገና ስድስት ሳምንት አለ እኮ» አለች ጆሊን።

«በዚህ ሳምንት» አሉ ሚስስ ፕሩት፤ በመጡበት ጠባብ መንገድ ተመለሱ።

ጆሊን ፕላስቲኮቹን መሬት ላይ ጣለቻቸው።

«አየሽ ፊታቸውን? እኔ ነኝ እንደዚያ ያደረግኳቸው። ቤት የሚሉኝ ሁሉ እውነት ነው። አንድ ነገር፣ አንድ ነገር ብቻ ብቻዬን ልሥራ አልኩ…»

«አንቺ አይደለሽም» አለች ዊላ።

«ተይኝ ባክሽ።»

«ጆሊን፣ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያቀለጥኩት።»

ጆሊን በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች። «ልታጽናኚኝ ብለሽ አትዋሺ። ሼም ነው።»

«ጠዋት ሳትመጪ ገልብጬ ጀርባው ላይ ነፋሁበት። ሆን ብዬ። ስፕሬዩ ሌሊቱን አልበላውም፤ ስፕሬይ ደግሞ ሲደርቅ መብላቱን ያቆማል፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ዝም ብለሽ አምነሽ ነው፣ በራስሽ ላይ ክፉ ክፉውን ማመን ስለለመድሽ።»

የሣር ማጨጃው ድምፅ ቆመ።

«ለምን?»

ምክንያቱ አፏ ድረስ መጣ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ቢነገር ጆሊን በዚያው ቅጽበት ትቀልጣለች፣ ታቅፋታለች፣ አብረው ያለቅሳሉ። ነገ ደግሞ ጆሊን ለእናቷ ትነግራለች፤ ትነግራለች፣ ጆሊን ናት። ከነገ ወዲያ አሥራ ስምንት በር ይሰማል። ሚስስ ፕሩትም ጋዜጣቸውን ሊያነሱ ሲወጡ ሰው ሁሉ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያያቸዋል።

«ልነግርሽ አልችልም» አለች።

«አትችዪም?»

«የኔ አይደለም።»

«ምን ማለት ነው የኔ አይደለም? እኔ ልንገርሽ ለምን እንደሆነ። ቀንተሽ ነው። ካንቺ የተሻለ ስለወጣልኝ። አንቺ ሳትነኪው!»

ይህም ቀላል ነበር። «አዎ» ብትል ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ጆሊን ጠልታት ትሄዳለች፣ ሌላ ጥያቄ የለም። ዊላ አሰበችበት። ግን አንድ ውሸት እስካሁን ተሸክማለች፣ ሁለተኛው ሲመጣ ትከሻዋ እንደማይችል ተሰማት።

«አይደለም» አለች። «ግጥሙም ድንጋዩም ከሁሉ ያምር ነበር።»

«ስድስት ሳምንት ሙሉ» አለች ጆሊን። «ስድስት ሳምንት ሙሉ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ስጠርግልሽ ዝም ብለሽ አየሽኝ።» ዘወር ብላ ሄደች። የጓሮውን በር በኃይል አልዘጋችውም፤ ብትዘጋው ይሻል ነበር።

ዊላ ጓሮው ውስጥ ብቻዋን ቆየች። እናቷ ከሥራ ስትመጣ ልትነግራት አሰበች። ምን ብላ? እናቷ ሬዲዮ ትከፍታለች። ሚስስ ፕሩት ጋ ሄዳ «እባክዎ እርስዎ ይንገሯት» ልትል አሰበች፤ ወዲያው አፈረች። ባልዲው ላይ ቁጭ ብላ መልሳ መላልሳ ያሰበችው ግን ሩዲን ነው፤ ራት ላይ ሹካውን ይዞ፣ «ሞት ራሱ ካንቺ እጅ አይተርፍም» ሲል። የጆሊን እናት ስትስቅ።

ተነሳች። መንገዱን አቋርጣ የጆሊንን ቤት በር አንኳኳች። የከፈተው ሩዲ ነው፤ አፉ ሙሉ ነው።

«አውሎ ነፋስ! ጓደኛሽ መጣች!»

«የለችም በላት!» አለች ጆሊን ከውስጥ።

«የለችም» አለ ሩዲ እያኘከ።

ዊላ አልተንቀሳቀሰችም። በመጨረሻ ጆሊን ራሷ መጣች፤ ወንድሟን በክርኗ ገፍታ በሩን ግማሽ ያዘችው። ዓይኗ አብጧል።

«ምክንያቱን ልትነግሪኝ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ለወንድሞችሽና ለእናትሽ ልናገር። አንቺ እንዳላበላሸሽው። እኔ እንደሆንኩ።»

«ለምን ሲሉሽስ?»

«ያሉኝን ይበሉኛ።»

ጆሊን የበሩን እጀታ እያሻሸች መሬት መሬት አየች። ከውስጥ የሹካና የሳህን ድምፅ፣ የሆነ ሰው ሳቅ ይመጣል።

«ድንጋዩን እኔ ነኝ የምሠራው» አለች ቀና ሳትል። «ነገ እጀምራለሁ። ያንኑ ግጥም ነው የምጽፈው። አንቺ አትነኪውም።»

ዊላ ግጥሙን በልቧ ሰማችው። ሚስስ ፕሩት ደጅ ተተክሎም አየችው።

«እሺ» አለች።

«ካንቺ ጋርም አልታረቅኩም።»

«አውቃለሁ።»

ጆሊን በሩን ከፈት አድርጋ ከመግቢያው ገለል አለች። ዊላ ጫማዋን ምንጣፉ ላይ ጠረገች፣ አየር ሳበች፣ ሳቁ ወደሚሰማበት ክፍል ገባች።